የአጸደ ብልቃጥ

ሮተርዳም፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ንባብዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፣ ሥራውም አብሮት ገብቷል።

ይህን ደብዳቤ ባሮክ የሚባል ልጅ አየር ጤና አሳትሞ ያመጣልዎታል። ቤቴል ባለው የዓይን ክሊኒክ ለጥናታችን መረጃ የሚሰበስብልን እሱ ነው። የእርስዎን መልስ ደግሞ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ስልክ ማውራት እንደማይወዱ አውቃለሁ። እኔም በጽሑፍ ሲነግሩኝ ይሻለኛል፤ አባቴ የሞተ ጊዜ የጻፉልኝን እስካሁን አልጣልኩትም።

ሥራዬን በአጭሩ ልንገርዎት። የዓይን ሕመም በየትኛው ሰፈር ስንት ሰው እንደያዘ እንቆጥራለን፤ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወርድም እናጠናለን። ባለቤትዎን ጋሼ የኔሰውን ያሳወራቸው የዓይን ግፊት፣ ሐኪሞቹ ግላኮማ የሚሉት፣ በእኛ ዘር ውስጥ በአንዲት የዘረመል ስህተት አማካይነት የሚወርድ ይመስለኛል። አያቴና የጋሼ አባት ወንድማማቾች ናቸውና ነገሩ የእኔም ቤት ነገር ነው። ይህ ሕመም አያምም። ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ ሰውየው መሃሉን እያየ ደህና ነኝ ይላል። የጠፋው አይመለስም። በጊዜ ከደረስንበት ግን የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል።

የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የጋሼን ወንድም ጋሼ ተክለሃይማኖትንና እህታቸውን እትዬ አጸደን አንድ እሑድ ቤትዎ ይጥሩልኝ። ባሮክ ትንንሽ ብልቃጦች ይዞ ይመጣል፤ የሚደረገውን እሱ ያሳያቸዋል። በኋላም ክሊኒኩ ዓይናቸውን በመሣሪያ ያየዋል። ስህተቱን ተሸክሞ ራሱ የማይታመም፣ ለልጁ ግን የሚያወርስ ሰው አለ። ወላጁ ካልተሸከመ ደግሞ ልጁ ሊወርሰው አይችልም፤ ስለዚህ የእትዬ አጸደን ልጅ ዳዊን አሁን ከታክሲ ሥራው አናስተጓጉለውም። የእናቱ ውጤት ይቅደም።

ሁለተኛው፣ የጋሼ ሕመም እንዴት እንደጀመረ ይጻፉልኝ። ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ያለውን።

አክባሪዎ፣
ማራኪ


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

የሰው አገር ብርድ ይራራልሽ፤ የምትለፊበትም ነገር ፍሬ ይስጥሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ጋሼሽ የተወልኝን መጻሕፍት ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ይዣቸዋለሁ።

ያልሽው ተፈጽሟል። ባሮክ እሑድ መጣ። መንገዱ ተቆፍሮ፣ የውሃ ቧንቧም ፈንድቶ ታክሲ ስለጠፋ ከቤቴል በእግሩ ነው የመጣው፤ በር ላይ ጭቃ የሞላው ጫማውን ሲያወልቅ አሳዘነኝ። እኔ ጓዳ ምሳ ሳቀርብ ወረቀቱን አነበበላቸው፣ ፈረሙ። ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ «እስከዚህች መስመር ድረስ ምራቅ ይሞሉልኛል» ሲል ጋሽ ተክሌ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እናቴ አትትፋ እያለች ስትገርፈኝ ኖራ፣ በስተርጅና ዶክተር ተፋ ይለኛል?» አለ። ቢሆንም ቶሎ ሞላው። ታውቂው የለ፣ ወሬና ምራቅ አያልቅበትም።

አጸደ ግን ከቅዳሴ በቀጥታ ነበር የመጣችው። ከስንት ዓመት በኋላ ቆርባ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀምጣለች። ባሮክ ብልቃጧን ሲሰጣት በእጇ መለሰችው። የእሱ ቤተሰቦች ከከፋ የመጡ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ነገሩ አልገባውም።

«እማማ፣ አያምም እኮ» አላት።

«መርፌ መሰለህ የፈራችው?» አለው ጋሽ ተክሌ። «ቆርባለች። የቆረበ ሰው የዚያን ዕለት አይተፋም።»

«እሺ፣ ይቅርታ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

«በዚህ ጭቃ? ጀልባ ካገኘህ ና።»

ልጁም አፈረ፣ እሷም አፈረች። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ተደውሎለት ወደ በር ወጣ። ሲመለስ ግን የአጸደም ብልቃጥ ተሞልቶ ጠበቀው። ሁለቱንም ጠቅልሎ፣ ምሳውን በልቶ ሄደ።

የጋሼሽ ሕመም እንዴት ጀመረ ላልሽኝ፣ እንደ ሕመም አልጀመረም። መጀመሪያ ብርጭቆ መጣል ጀመረ። ከጠረጴዛ ዳር ያለውን ነገር በክንዱ ይጠርገዋል። ቀጥሎ የበሩ መቃን ትከሻውን ይመታው ጀመር። ጎረቤት መንገድ ላይ ሰላም ሲለው ዝም ብሎት ያልፋል። ጋዜጣውን ግን ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ታዲያ እንዴት ዓይኑ ነው ብዬ ልጠርጥር? ሰው «ባልሽ መጠጥ ጀምሯል» አለኝ። አመንኩ። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ደጃፋችን ያለውን ቦይ ስቶ ወደቀ። ጎረቤቶች ቆመው ነበር። ተነስቶ ልብሱን ሳያራግፍ ጠጋ ብዬ አፉን አሸተትኩት። በሰው ፊት። ምንም አልሸተተኝም። እሱም ቀና ብሎ አየኝና ገባ። ሐኪም ቤት የሄድነው ከዚያ ብዙ ቆይተን ነው፤ ያኔ አንደኛው ዓይኑ አልቆ ነበር።

ይህ ለጥናትሽ ይጠቅም እንደሆን አላውቅም። ካልጠቀመ ዝለዪው።

ሰርኬ


ሮተርዳም፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

በዓሉን እንዴት አሳለፉ? እዚህ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ሣር ላይ ተዘርግቷል። ስለ ጋሼ የጻፉልኝን አልዘለልኩትም። ከእንግዲህ መረጃ ሰብሳቢዎቻችን በየቤቱ ሲዞሩ «ዕቃ ይጥላል ወይ? ሰላምታ ሳይመልስ ያልፋል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ አድርጌያለሁ።

ውጤቱ ደርሷል። ጋሼ ተክለሃይማኖት ስህተቱን ተሸክመዋል። ክሊኒኩም ግፊታቸውን ከፍ ብሎ አግኝቶታል። እንደ ዕድል ገና ብዙ አልጎዳቸውም፤ ጠብታ ጀምረዋል። እንዳይረሱት እባክዎ ይቆጧቸው።

እትዬ አጸደ ነፃ ናቸው። ዓይናቸውም በመሣሪያ ታይቶ ደህና ነው። ስለዚህ ዳዊ መመርመር አያስፈልገውም፤ በሰላም ይንዳ። ለእትዬ አጸደ ባሮክ ነግሯቸዋል፤ እልል አሉ ብሎኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቅዎትን ደስ ካላለዎት አይመልሱልኝ። እትዬ አጸደ የተወለዱት የት ነው? አማትዎ ሲወልዷቸው በቦታው የነበረ ሰው በሕይወት አለ? ድሮ ሰው የዘመድ ልጅ፣ አንዳንዴም የባዳ ልጅ ወስዶ ከልጆቹ ሳይለይ ያሳድግ ነበር ሲባል እሰማለሁ። ይህ ለምንም ክፉ ነገር አይደለም፤ ለጥናቱ ብቻ ነው። ባሮክ የሰው ደብዳቤ አያነብም፤ ከእርስዎና ከእኔ እንዳይወጣ እለምንዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ማራኪ


ቀራንዮ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

ክረምቱን የሚያወጣን ጌታ ለአንቺም ደጉን ያሰማሽ።

ደብዳቤሽ በግንቦት ደርሶኛል። ባሮክ በመጣ ቁጥር «መልስ አለዎት?» ይለኛል፣ «ገና ነው» እለዋለሁ። ምን ብዬ ልመልስልሽ? ያንን ነገር አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ቃሉ ለስላሳ ነው፣ ያለበት ነገር ግን ገባኝ። አጸደ የአባቷ ልጅ አይደለችም ነው የምትዪኝ። ምናልባትም የእናቷም አይደለችም።

ማራኪ፣ እኔ ለዚህ ቤት ምራት ሆኜ ስመጣ አጸደ ያላገባች ልጅ ነበረች። እንዴት እንደተወለደች አላየሁም። ያየ ሰው ሁሉ አልፏል። «ሐሰት ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ፤ አንቺ በመሣሪያ ያየሽውን እኔ በምን እክደዋለሁ? ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። አማቴ ስትሞት እጄን ይዛ «አጸዴን አደራ» ብላኛለች። ከሦስት ልጆቿ የእሷን ስም ብቻ ለምን ጠራች? ያኔ ያላገባች እሷ ስለነበረች መስሎኝ ነበር። አሁን ቃሉን አገላብጬ አገላብጬ ሌላ ነገር አወጣሁበት። የጋሼሽን ፎቶግራፍ አውርጄ ጆሮውን ከአጸደ ጆሮ ጋር አስተያየሁ። አማቴ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ የሚምሉባት ሴት ነበረች። እኔ በእርጅናዬ መቃብሯ ላይ ቆሜ ማን ነበር ሰውየው እያልኩ ሰው እቆጥራለሁ።

አጸደ ቤት መሄድ ተውኩ። በፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አገኘችኝ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ፊትሽ እንደ ቀበሌ በር ተዘግቷል። ደግሞ ጆሮዬን የምታዪው ጉትቻ ልትገዢልኝ ነው?»

ሳቅሁላት። ሳቁ አፌ ውስጥ መረረኝ።

የምጽፍልሽ ግን በዚህ ብቻ አይደለም፤ በዳዊ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ከአየር ጤና ወደ ቤት ስመለስ በእሱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ጋቢና አስቀመጠኝ። ኢሊሊ የምትባል ሴት ረዳት አለችው። አፏ አያርፍም። መንገዱን ሙሉ ትጮኻለች፣ ተሳፋሪ ግን አይደለም የምትጠራው። «ዳዊ፣ በቀኝ ሴትዮ!» «ዳዊ፣ በቀኝ ጋሪ! ጋሪ አልኩህ!»

ዞሬ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋ?» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ባልጮህ ይሄኔ ግማሹ አየር ጤና ተገጭቶ ነበር። የስፖኪዮ መስታወት የሚበላ ሹፌር አይተው ያውቃሉ? ሁልጊዜ የቀኙን! የግራው ሳይጥመው ቀርቶ ነው።»

«ለፍላፊ!» አላት ዳዊ። «ተሳፋሪ ታባርሪብኛለሽ።»

ሰው እንደሚጠጣ ያወራበታል። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ እጁን ሲያወዛውዝ በቀኝ ጎኑ ያለውን የውሃ ፕላስቲክ ጠረገው። ሳያየው። ማራኪ፣ ያን ጊዜ ወደ አፉ ልጠጋ ስል ራሴን ያዝኩት።

የጋሼሽ ነገር በዓይኔ ላይ ሲደገም እያየሁ ነው። እናቱ ነፃ ነች ብለሻል። የእኛ ዘር ካልሆነች ደግሞ ከየት ይመጣበታል? እባክሽ ንገሪኝ። ስለ አጸደስ ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንሽው በምኑ ነው? ዓይኗን ያነሱት ፎቶግራፍ ነው የነገረሽ?

ሰርኬ


ሮተርዳም፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎ። ዘግይቼ ነው የምመልሰው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ምን ማለት እንዳለብኝ ስላልገባኝ ነው የዘገየሁት። ያንን ጥያቄ ባልጠየቅሁ ይሻል ነበር። እኔ እንቅልፍ ለማግኘት ስል የእርስዎን እንቅልፍ ወሰድኩ።

በምኑ አወቅሽ ላሉኝ፣ በምራቃቸው ነው። ሰው ከእናት ከአባቱ የወረሰው ሁሉ በምራቁ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወንድምና እህት ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ። በእትዬ አጸደ ስም ያለው ብልቃጥና በጋሼ ተክለሃይማኖት ስም ያለው ብልቃጥ ግን ምንም አይጋሩም። መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ደግመን ሠርተነዋል፣ ያው ነው። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ለሰው ክብር ሲባል በዝምታ ማለፍ ልማድ ነው። እኔ ግን የራሴ ዘመዶች ስለሆናችሁ ዝም ማለት አቃተኝ፤ መናገርም አቃተኝ።

ስለ ዳዊ አይስጉ። እናቱ የሌላቸውን ነገር እሱ ሊወርስ አይችልም። የቀኝ ጎን መሳት ከድካምም ሊመጣ ይችላል፤ ታክሲ ነጂ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ያውቃሉ። ሲመቸው መነጽር ቤት ይታይ።

አማትዎንም በክፉ አያስቡብኝ። ማን ያውቃል፣ ወላጅ ያጣች ልጅ አንስተው አሳድገው ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የሚያስመሰግናቸው ነው።

አክባሪዎ፣
ማራኪ


ቀራንዮ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማራኪ፣

ሰላምታውን ዛሬ ተዪኝ። ባሮክ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። በጥድፊያ ስለምጽፈው ፊደሉ ካልታየሽ እሱ ያነብልሻል።

ያ ምራቅ የእኔ ነው።

በአጸደ ብልቃጥ ውስጥ ያለው የእኔ ምራቅ ነው። ቆርባ መትፋት አልቻለችም። ልጁ በዚያ ጭቃ ተመልሶ ይመጣል ብዬ አፈርኩ፤ እሷም የሰው ሥራ አሰናከልኩ ብላ ተጨንቃለች። ባሮክ ስልክ ሊያወራ ሲወጣ ብልቃጡን አንስቼ ጓዳ ገባሁና ሞላሁት። ጋሽ ተክሌ አይቶ ሳቀ። አጸደ አየችኝ፣ በዓይኗ አመሰገነችኝ። እኔ ምራቁ እንደ ፊርማ መስሎኝ ነበር፤ ቤተሰቡ ተስማምቷል ለማለት የሚወሰድ። ዋናው ዓይናቸውን በመሣሪያ ማየቱ ነው ብዬ። ከአንድ ትሪ ስንበላ የኖርን ሴቶች ነን፤ በእሷ ፈንታ ብተፋ ምን ይጎድላል አልኩ።

እኔ ለዚህ ቤት ባዳ ነኝ፣ ማራኪ። ከየኔሰው ወንድም ጋር ምን እጋራለሁ? መሣሪያሽ አልዋሸም። እኔ ነኝ።

አጸደ የእናቷ ልጅ ነች። የአባቷም። እኔ ክረምቱን ሙሉ መቃብር ስቆፍር ከርሜያለሁ።

ዳዊ ዛሬም እየነዳ ነው። አሁን ከአየር ጤና ሰው ጭኖ እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?

ሰርኬ


ሮተርዳም፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሰርኬ፣

ባሮክ አሁኑኑ ያንብብልዎት።

ዳዊ መኪናውን ያቁም። ባለበት። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ይግባ፤ ሐኪሟን አነጋግሬያታለሁ፣ ትጠብቀዋለች። ዓይኑን ብቻ ነው የምታየው፣ ለዚያ ምራቅ አያስፈልግም። እትዬ አጸደም አብረው ይሂዱ። ሕመሙ ባይገኝበት እንኳ ታይቶ ይመለሳል። እምቢ ካለ የጋሼን ታሪክ ይንገሩት።

ሌላውን ባሮክ አያንብበው፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው። ምራቁ ለምን እንደሚወሰድ በመጀመሪያው ደብዳቤ አልነገርኩዎትም፤ ባሮክ ይነግራቸዋል ብዬ ተውኩት። መሣሪያው «ወንድምና እህት አይደሉም» ሲለኝ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝ «ብልቃጡን ማን ሞላው?» ብዬ ነበር። ለሌላ ቤተሰብ ቢሆን እጠይቅ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል፤ ቆርባለች፣ አትተፋም፣ ከዚያ ብልቃጧ ሞልቶ ተገኘ። ዛሬ አውጥቼ አነበብኩት። እኔም በዚያው እምነት ያደግሁ ልጅ ነኝ። አንብቤው ስቄ አለፍኩ።

ከዚያ የአያቴ ወንድም ሚስት ላይ፣ መልስ መስጠት በማትችል ሴት ላይ ፈረድኩ። በጥናቱ ጽሑፍ ላይም «አንዲት ተሳታፊ የሥጋ ዝምድና የላትም» ብዬ አስፍሬያለሁ። እሱን እሰርዘዋለሁ። የዳዊን ነገር ግን በምን እሰርዘዋለሁ?

ውጤቱን ባሮክ ይንገረኝ። ወዲያውኑ።

ማራኪ


ቀራንዮ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

የልፋትሽን ዋጋ የማይረሳ አምላክ ደስታውን በቅርብ ያሳይሽ። ውጤቱን ባሮክ ነግሮሻል። የቀረውን ከእኔ ስሚው።

በማግስቱ ጠዋት ከዳዊና ከአጸደ ጋር ሦስታችን ሄድን። ዳዊ «ስፖኪዮ ሰበርኩ ብላችሁ ሐኪም ቤት ትወስዱኛላችሁ? ጋራዥ ይሻል ነበር» እያለ። ሐኪሟ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ፣ አንዱን ዓይኑን ሸፍና፣ በእጁ ቁልፍ ሰጠችው፤ ብርሃን ባየ ቁጥር እንዲጫን። እኔና አጸደ ከኋላው ተቀምጠናል። መጀመሪያ በግራው ነበር። ቀጭ ይላል፣ ቀጭ ይላል፣ አንዳንዴ ይዘላል። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረች። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ከዚያ ዝም። መሣሪያው እየሠራ ነው፣ ድምፁ ይሰማል። የዳዊ አውራ ጣት ግን ቁልፉ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

አጸደ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» አለችኝ።

አልወሰደውም። ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር። መብራቱ ገና ያልጀመረ መስሎት።

ቀኙ አልቋል ማለት ይቻላል። ግራው ተነክቷል፣ ግን አለ። ጠብታ ጀምሯል፤ ካልበቃው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። መንዳት አይችልም። ሐኪሟን በግንቦት መጥቶ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት። «በዚህ መሃል ስንቱ እንደጠፋ አይታወቅም፣ እማማ» አለችኝ። ሳታውቅ ቀርታ ነው ወይስ አዝናልኝ ነው፣ አላወቅሁም።

ለዳዊ የነገርኩት እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። ብልቃጡን፣ ጓዳውን፣ ሁሉንም። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። «ከግንቦት እስከ ጥቅምት» አለ። አጸደ ግን ደርሳ እጄን ያዘችኝና «እኔም እኮ አይቼሻለሁ፤ አይቼ ነው ዝም ያልኩት» ብላ አለቀሰች። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

መኪናውን ለባለቤቱ መለሰ። አሁን አየር ጤና የታክሲ ተራ ያስከብራል። ኢሊሊ ከሌላ ሹፌር ጋር ትሠራለች፤ በዚያ ባለፈች ቁጥር በመስኮት ወጥታ «ዳዊ፣ በቀኝ እኔ!» ትለዋለች አሉ። መንዳት መማር ጀምራለች። ባሮክም ተመልሶ መጣ፤ በማክሰኞ፣ ቁርባን በሌለበት። አጸደ ብልቃጧን ተቀብላ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ጓዳ ግቢ። አምሮሽ ትሞዪብኛለሽ» አለችኝ። ጋሽ ተክሌ ሊስቅ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዳዊም የራሱን ሞላ።

ስለ እናቷ የጠረጠርኩትን ለአጸደ አልነገርኳትም። አንድ ቀን እነግራታለሁ። የአማቴን ፎቶግራፍ ግን ከጋሼሽ ጎን ሰቅዬዋለሁ፤ ሳልፍ ቀና ብዬ አላያትም።

ዳዊ ቤቴል ለምርመራ ቀጠሮ ሲኖረው አብሬው እሄዳለሁ። ሂጂ ያለኝ የለም፤ ከደጃፉ እጠብቀዋለሁ። በቀኙ ነው የምሄደው። በዚያ በኩል መኖሬን አያይም፤ ዝም ካልኩ የተመለስኩ ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ፣ ጎረቤት «አፍ የላትም» የሚለኝ ሴትዮ፣ መንገዱን ሙሉ አወራለሁ። ድንጋይ። ቦይ። ልጅ እየሮጠ ነው። ሴትዮ ከነዘንቢሏ። እሱ አይመልስልኝም፣ ግን ሲነገረው እግሩን ያነሳል።

ትናንት ቀራንዮ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ከኢሊሊ የባሱ ለፍላፊ ሆነዋል።»

ከዚያ ኮሪደር ወዲህ ሲያናግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ምን እንደመለስኩለት ታውቂያለሽ? «በቀኝ ጋሪ» አልኩት። ጋሪም ነበረ።

ሰርኬ